የአያ ሽባባው ፍትሕ በጤፍ ማሳ

ልጆቹን ሁሉ በአንድ ልክ የሚያጎርስና የሚቀጣ ሰው ሲያዩ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ዝም ብላ የተገኘች እንዳትመስላችሁ፤ የአንድ ዳኛ ጤፍ በልታ ነው የመጣችው።

ዳኛው የጎጃሙ አያ ሽባባው ነው። ወንድማማቾች በርስት ሲጣሉ እሱ ይጠራል፤ ገመድ ዘርግቶ እኩል ሲያካፍል ጋት አይስትም። ታዲያ ይህን ፍትሑን እዚያው ሸንጎ ላይ ትቶት ቢገባ ምን ነበረበት! እርሻው ድረስ ይዞት ወረደ።

ማሳው ከኮረብታው እስከ ወንዙ የተዘረጋ ነው። ላይኛው ጭንጫ፣ መካከሉ ቀይ አፈር፣ ታችኛው ጎርፍ ያደለበው፣ ውሃ የሚቋጥር ጥቁር ዋልካ። በዚያ ክረምት የሚዘራው ጤፍ ደግሞ በጥር ለምትዳረው ልጁ ለጥሩወርቅ ሠርግ የታሰበ ነበር።

ሚስቱ እማዋይሽ ፍግ እያወጣች፣ «ላይኛው ከስቷል፤ ፍጉን ለሱ እናብላው። ታችኛው ጥጋበኛ ነው፤ ፈሰስ ብቻ አውጣለት፣ ውሃው ይውረድ» አለችው።

«አንቺ ሴት! አንዱን አብልቼ ሌላውን ጦም ላሳድር? ሰው ምን ይለኛል?»

«መሬት አይከስህም!»

«ባይከሰኝም እግዜር ያያል» አለና ለሦስቱም እኩል ፍግ አልብሶ በአንድ ቀን ዘራ። ፈሰሱንም «ወይ ለሁሉም፣ ወይ ለማንም» ብሎ ተወው።

ኅዳር ላይ ደቦው ማጭዱን ይዞ መጣ። የጭንጫው ጤፍ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም። የዋልካው ጠግቦ ሲንዘረፈፍ ከረመና አገዳው አልችል ቢለው ውሃ ውስጥ ተኝቶ በሰበሰ። ደህና የያዘው መካከሉ ብቻ ነው።

«አያ ሽባባው፣ ላይኛውን በጥፍር እንንጨው? ታችኛውንስ በአካፋ እንዛቀው?» እያሉ የደቦው ሰዎች ሳቁበት።

እሱ ግን መሳቅ አልቻለም። ያ ጤፍ እንኳን ሠርግ ሊደገስበት ቤተሰቡንም አያከርምም። ጥሩወርቅም ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሰው ሲያስታርቅ የኖረው ዳኛ ለራሱ አማላጅ ፈልጎ፣ ሠርጉ ለከርሞ እንዲተላለፍለት ወደ ሙሽራው ቤት ላከ።

የሙሽራው አያት አባ ደስየለው ነገሩን በዓይናቸው ሊያዩ መጡ። ማሳውን ከላይ እስከ ታች በዘንጋቸው እየነኩ ወረዱት። አያ ሽባባው አንገቱን ደፍቶ፣ «እኔ እኮ አባቴ፣ አላዳላሁም» አላቸው።

ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ልጆቹን ለከርሞ ጥር እንድራቸዋለን፤ አንተ ግን እስከዚያው ሚስትህን ስማ። ማሳው አንድ፣ ሆዱ ለየቅል!»