መርፌዋና የጋሽ ተካልኝ ፎቶ

ተረት ላወራ ነው፤ «ቀጥል» የሚለኝ ይጠጋ፣ የማይለኝም እዚያው ሆኖ ይስማ።

በአንድ ከተማ አስካለ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ «ለምን?» ማለት የማይሰለቻት ሴት ናት። አንድ ዓርብ ጠዋት የስፌት መኪናዋ መርፌ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከመርፌው ሥር የተዘረጋው ደግሞ እሑድ የምታገባው የረድኤት የሠርግ ቀሚስ ነው። የረድኤት እናት የአስካለ ባልንጀራ ነበረች፤ ስትሞት «የልጄን የሠርግ ቀሚስ አንቺ ትሰፊልኛለሽ፣ አደራ» ብላታለች። ቀሚሱ ስስ ሐር ስለሆነ ተራ መርፌ ይቀደዋል። አስካለ የፈለገችው እንግዲህ አንዲት ቀጭን መርፌ ብቻ ነው። መርፌ ከሌለ ቀሚስ የለም፤ ቀሚስ ከሌለ አደራ ተበላ።

ቀጭኗ መርፌ ያለችው ተካልኝ የስፌት ዕቃዎች መደብር ነው። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ ገሰገሰች። ዕቃ የሚያወጡት አቶ ደምስ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል።

«መርፌዋስ አለች እትዬ፤ ያቻት ከጀርባዬ። ግን ዘምነናል። በድረ ገጻችን ካልታዘዘ ዕቃ አይወጣም» አሏት።

«ለምን?»

«እንጃ። መዘመን ነዋ።»

ትዕዛዝ ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ቀሚስ የለም፤ ቀሚስ ከሌለ አደራ ተበላ።

አስካለ በርጩማ ስባ ተቀመጠችና በስልኳ ድረ ገጹን ከፈተች። እየተንቀራፈፈ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የአንድ ሪዛም ሽማግሌ ፊት ነው። በጣቷ ወደ ላይ ስትገፋው የዚያው ሽማግሌ ሌላ ፎቶ ይተካል፤ ያንን ስትገፋው የቀድሞው ይመለሳል።

«የማዘዣው ቁልፍ፣ የት ነህ?» አለች።

በተረት አገር የማይናገር ነገር የለምና ቁልፉ ከታች መለሰላት። «እዚህ ነኝ፣ ፎቶው ተኝቶብኛል። በዚያ ላይ በግራጫ መደብ ግራጫ ቀብተውኛል። ፎቶው ካልጠበበ አልታይም።»

ፎቶው ካልጠበበ ቁልፉ አይታይም፤ ቁልፉ ካልታየ ትዕዛዝ የለም፤ ትዕዛዝ ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ቀሚስ የለም፤ ቀሚስ ከሌለ አደራ ተበላ።

«አንተስ ለምን አትጠብም?» አለችው ፎቶውን።

«እኔ ምን አደረግሁ?» አለ ፎቶው ሪዙን ሳያነቃንቅ። «የሰቀለችኝ ምሥጋና ናት። እሷ ካልነካችኝ አልጠብም።»

ምሥጋና ድረ ገጹን የሠራች ባለሙያ ናት፤ ቢሮዋ ፎቅ ላይ ነው። አስካለ ደረጃውን ወጥታ ጠየቀቻት። ምሥጋና እንደ መተንፈስ አለች።

«አውቃለሁ እኮ እትዬ። መጀመሪያ ስሠራው ቁልፉ ከላይ ነበር፣ ደማቅ ሆኖ። ስልክ ቁጥሩ ከጎኑ፣ ፎቶው ትንሽ፣ ቶሎ የሚከፈት። ሥራ አስኪያጁ ‹ፎቶው ይጉላ› አሉ። አሁን ራሴ ብነካው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይሆንብኛል። አቶ ገዛኸኝ ካላዘዙኝ አልነካም።»

አቶ ገዛኸኝ ካላዘዙ ምሥጋና አትነካም፤ ምሥጋና ካልነካች ፎቶው አይጠብም፤ ፎቶው ካልጠበበ ቁልፉ አይታይም፤ ቁልፉ ካልታየ ትዕዛዝ የለም፤ ትዕዛዝ ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ቀሚስ የለም፤ ቀሚስ ከሌለ አደራ ተበላ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ገዛኸኝ ነገሩን ሲሰሙ ተነሥተው በራቸውን ዘጉ። «ፎቶው እኮ የባለቤቱ የጋሽ ተካልኝ ነው። የሰውየውን ፊት አሳንሱ ብዬ የበላሁበትን ወጪት ሰባሪ ልባል? እሳቸው ካልፈቀዱ አላዝም።»

«ለምን? ፎቶዬ ይጉላ ብለው ነበር እንዴ?»

አቶ ገዛኸኝ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «አላሉም። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።»

ጋሽ ተካልኝ ከመደብሩ ጓሮ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ዘይት ሲቀቡ ተገኙ። አስካለ እጅ ነሥታ ጉዳይዋን ነገረቻቸው። ምሥጋና፣ አቶ ገዛኸኝ፣ አቶ ደምስም ሳይቀሩ ተከትለዋት ቆመዋል።

«ድረ ገጻችን ቆንጆ ነው ይሉኛል» አሉ ጋሽ ተካልኝ። «ቅሬታም የምንቀበለው በዚያው ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ያማረረ ደንበኛ የለም። ደንበኛ ካላማረረ ምን ብዬ እፈቅዳለሁ?»

«ማማረሪያው የት ነው?» አለች አስካለ።

ምሥጋና መሬት መሬት እያየች «ከማዘዣው ቁልፍ ሥር» አለች።

በሉ እንግዲህ፣ ትንፋሽ ያለው ይከተለኝ። ደንበኛ ካላማረረ ጋሽ ተካልኝ አይፈቅዱም፤ ጋሽ ተካልኝ ካልፈቀዱ አቶ ገዛኸኝ አያዙም፤ አቶ ገዛኸኝ ካላዘዙ ምሥጋና አትነካም፤ ምሥጋና ካልነካች ፎቶው አይጠብም፤ ፎቶው ካልጠበበ ቁልፉ አይታይም፤ ቁልፉ ካልታየ ትዕዛዝ የለም፤ ትዕዛዝ ከሌለ መርፌ የለም፤ መርፌ ከሌለ ቀሚስ የለም፤ ቀሚስ ከሌለ አደራ ተበላ።

አስካለ እንባዋ ቀርቦ ነበር። ግን የማወቅ ጉጉቷ ከእንባዋ ቀደመ።

«ጋሼ፣ እርስዎስ አንድ ቀን ገዝተውበት ያውቃሉ?»

«እኔማ ባለቤቱ ነኝ፤ ከራሴ ምን እገዛለሁ?»

«እስቲ ለኔ አንዲት መርፌ ይግዙልኝ» አለችና ስልኳን ሰጠቻቸው። ምሥጋና ልታሳያቸው ጠጋ ስትል አስካለ ክንዷን ያዘቻት። «ተያቸው የኔ ልጅ፤ እኔን ማን አሳየኝ?»

ጋሽ ተካልኝ መነጽራቸውን አደረጉ። ጠበቁ። የገዛ ፊታቸው መጣ። ገፉት፤ ሌላ ጋሽ ተካልኝ መጣ። ያንንም ገፉት፤ የፊተኛው ተመለሰ። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

«ዞር በል እንጂ አንተ ሰውዬ፣ መርፌ ልግዛበት!»

የተናገሩት ለራሳቸው ፊት ነው። ዓይን ለራሱ ባዳ ነው ይባል የለ? የሳቀ ሰው አልነበረም። እሳቸው ዘይት የነካ እጃቸውን እያዩ አፈሩ።

«ይኼን ሁሉ ጊዜ በራፌ ላይ ቆሜ ደንበኛ ስመልስ የኖርኩት እኔው ነኛ?» አሉ።

ከዚያ ምን ሆነ? ጋሽ ተካልኝ ፈቀዱ፤ አቶ ገዛኸኝ አዘዙ፤ ምሥጋና ነካች፤ ፎቶው ጠበበ፤ ቁልፉ ደምቆ ወጣ፤ አስካለ ተጫነችው፤ ትዕዛዙ ደረሰ፤ አቶ ደምስ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው መርፌዋን አወጡ። ፎቶው ጥፍር አክሎ ከስልክ ቁጥሩ አጠገብ ተቀመጠ። አሁን «እኔንም ቀለለኝ» ይላል አሉ።

እሑድ ረድኤት በቀሚሱ አምራ ስትወጣ አስካለ ከእልልታው መሐል ፈንጠር ብላ ቆመች። የሐሩን ጠርዝ አየችው፤ አንድም ቦታ አልተቀደደም።

«አደራሽን አልበላሁም» አለች፣ ለማትሰማት ባልንጀራዋ።

ተረቴን ስትጨርሱ መልሱልኝ፤ መርፌዋን ግን ለአስካለ ተዉላት።