ገል የተቀበረበት ድንበር

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው ሰው ዕድሜውን በነገሠው ንጉሥ በሚቆጥርበት ዘመን ነው። እኔ ከአያቴ ሰማሁት፤ እሱም ከአያቱ።

በዚያ ዘመን የሁለት ግዛት ድንበር ገርሞ ወንዝ ነበር። በእኛ በኩል ይርገዱ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሰዉ በድስቷ ወጥ ይሠራል፤ እሷን ግን ቡዳ ናት ብሎ ይሸሻታል። እንጀራዋ አንድ የጭቃ ጉድጓድ ነበር፣ ሌላ ምንም የላትም።

ይርገዱ ልጅ ሳለች ገርሞ ሞላ። ሞላና መንገዱን ለወጠ። ሰፊው ሜዳችን ከወንዙ ወዲያ ማዶ ቀረ። የዚያን ጊዜ ጌቶች በጋብቻ የተዛመዱ ስለነበሩ ማንም ነገሬ አላለውም። እሷ ስታረጅ ግን በወዲያ ማዶ ቀኛዝማች ደምሌ ተሾሙና "ድንበሩ ወንዙ ነው፤ ሜዳው የኔ ነው" አሉ። የእኛው ጌታ ፊታውራሪ አንዳርጌ "ድንበሩ የድሮው ወንዝ ነው" አሉ። ጦር ተሰለፈ። ሽማግሌዎች መሐል ቢገቡም የድሮው ወንዝ የት እንደነበር በእርግጥ የሚያሳይ ጠፋ።

ያኔ ይርገዱ ዶማዋን ይዛ መጣች።

"ጌቶቼ፣ ሃምሳ ዓመት አፈር ስቆፍር የኖርኩ ነኝ። ውሃ የሄደበት ከሥሩ አሸዋ ነው፤ ለሸክላ አይሆንም" አለች።

ሳቁባት። ቆፈረች፤ ጭቃ ወጣ። ፈቀቅ ብላ ቆፈረች፤ ጭቃ ወጣ። ፈቀቅ ብላ ቆፈረች፤ አሸዋና የወንዝ ጠጠር ወጣ። ሳቁ ቆመ።

በዚያ መስመር ድንጋይ ተተከለ። ይርገዱ በየድንጋዩ ሥር አንድ አንድ ማሰሮ እየሰበረች ገሉን ቀበረች። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም። ዝናብ ስለመጣ የድንበሩ የታችኛው ጥግ ሳይወሰን ቀረ።

በዓመቱ ድንጋዮቹ ወደ ቀኛዝማች መሬት ገብተው ተገኙ። በእግራቸው አልሄዱም፤ የነቀሏቸው የእኛው ሰዎች ናቸው። ቀኛዝማች ጠመንጃ አስይዘው መጡ። የእኛዎቹ "ከጥንቱም እዚሁ ነበር" ብለው ድርቅ አሉ። ይርገዱ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም አላለችም።

"ከድንጋዮቹ ሥር ቆፍሩ" አለች።

ቆፈሩ፤ ምንም የለም። የድሮውን ቦታ ቆፈሩ፤ ገሉ ወጣ። ያን ዕለት ማታ የእኛ ሰው ደጇን በድንጋይ ደበደበው።

የቀረው የታችኛው ጥግ ነበር። የይርገዱ ጉድጓድ ያለው እዚያ ነው። እሷው ስለቆፈረችው አፈሩ ተደበላልቆ ምልክት አልነበረውም። ጌቶቹ "ይርገዱ አፈር ተሸክማ፣ ምላ ትሂድበት፤ ድንበሩ በሄደችበት ይጽና" ብለው ተስማሙ።

ፊታውራሪ ለብቻዋ ጠሯት። "ጉድጓድሽን ወደኛ አድርጊው። ቀኛዝማች ሸክላ ሠሪ በመሬታቸው እንደማያስደርሱ ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ ጌታዬ" አለች።

ሌላም የምታውቀው ነበር። በልጅነቷ፣ ወንዙ መንገዱን ሳይለውጥ፣ ያንን ጭቃ ከእናቷ ጋር የምታመጣው ወንዙን ተሻግራ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሌላ ሰው በሕይወት አልነበረም።

አፈሩን ተሸከመች። ሄደች። ወዲህ ጠመንጃ፣ ወዲያ ጠመንጃ። ጉድጓዷ አፋፍ ላይ ስትደርስ ቆመች። የሁለቱም ወገን ጣት ቃታ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ ጉድጓዷን አየችው። ከዚያ ጉድጓዱን ለወዲያ ማዶ ትታ በወዲህ በኩል አለፈች። አፈሩን አወረደች። የቀረቻትን አንዲት ማሰሮ ሰበረች።

"ወንዙ በዚህ ነበር" አለች።

ጥይት አልተተኮሰም። ይርገዱ ግን ዳግመኛ ሸክላ አልሠራችም። እንጨት እየለቀመች ኖራ ሞተች።

ለዚህ ነው በእኛ አገር ወሰን ሲተከል ማሰሮ የሚሰበረው። የሚገጣጠሙ ሁለት ገሎች ተመርጠው ለሁለቱ ጎረቤቶች አንድ አንድ ይሰጣቸዋል፤ የቀረው ከድንጋዩ ሥር ይቀበራል። ሁለቱም "ይርገዱ ታየናለች" ይባባላሉ።

ይህቺን ገል እዩአት። ድንጋዩ ከተነቀለበት ቦታ ያኔ የወጣች ናት። ድንጋዩን የነቀለው የአያቴ አያት ነው። ሲሞት ለልጁ መጀመሪያ የሰጠው እርሻውን አልነበረም፤ ይህቺን ገል ነው።