የደባሱ ካብ

ድሮ ነው። ዛሬ የምናርሰው መሬት ገና ጫካ የነበረበት፣ ከዚያ ዘመን ሰው ስሙ የሚታወሰው የጥቂቱ ብቻ የሆነበት ድሮ። ቁጭ በሉና ስሙ። አንዴ ነው የምናገረው።

ቀይ አፋፍ በሚባል መንደር ደባሱ የሚባል ሰው ነበር። ድሃ ነበር። አንድ በሬ፣ ትንሽ ማሳና አትጠገብ የምትባል ሚስት ነበረችው። ከመንደሩ ወጣ ብሎ፣ ቁልቁለቱ አልቆ ገደሉ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ የጥንት ገዳም ፍርስራሽ ነበር። መነኮሳቱ በምን እንዳለቁ የሚያውቅ የለም። አንዱ በጦር ይላል፣ አንዱ በረሃብ። የቀረው አንድ ግድግዳ፣ ቤት የሌለው በርና ከአለት የተፈለፈለ ደረጃ ብቻ ነው።

አትጠገብ ብዙ ዓመት መክና ኖራ ሴት ልጅ ወለደች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ልጅቱ ለዚያ አልደረሰችም፤ ሞተች። ያልተጠመቀ ሕፃን ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። ሰው ቁጥቋጦ ሥር ቀብሮ ይመለሳል። ድንኳን አይጣልለት፣ አይለቀስለት።

«ጅብ ያወጣታል» አለች አትጠገብ።

ደባሱ ልጁን በነጠላ ጠቅልሎ ወደ ፍርስራሹ ሄደ። ይህ ቦታ ተጸልዮበታል ብሎ አሰበ። መነኮሳቱ ሄዱ እንጂ ጸሎቱን ማን አነሣው? ከግድግዳው ሥር ቀበራት። ግድግዳው ከላይ የሚወርደውን ጎርፍ ይመልሳል። ግድግዳው ከቆመ ልጅቱ አለች። ከፈረሰ ጎርፍ ጠርጎ ገደል ይከታታል። ደባሱ ይህን ያውቅ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቱ ጓንጉል ለጥጃ ጋጣ የሚሆን ድንጋይ ሊወስድ መጣ። ደባሱ ከግድግዳው ፊት ቆመ።

«ገዳሙን ወረስኸው እንዴ፣ አባ ደባሱ? የቀረህ ቆብ ብቻ ነው!» አለ ጓንጉል። አብረውት የመጡት ሳቁ።

ደባሱ አልሳቀም። «ድንጋይ አይደል የምትፈልገው? ከወንዝ አመጣልሃለሁ» አለ። ገደሉን ወርዶ በጀርባው አመጣ። ጋጣውንም ካበለት። ይህ ሲሰማ ድንጋይ ያማረው ሁሉ ወደ ግድግዳው ይመጣል፣ ደባሱም ወደ ወንዝ ይወርዳል። የአንዱን ጋጣ ካበ፣ የሌላውን አጥር ካበ። ጀርባው ጎበጠ። ግድግዳው ቆመ።

ከዚያ ዝናብ ቀረ። ሰው ተራበ። መነኮሳቱ ወርቅ ቀብረዋል የሚል ወሬ ተነሣ። ጎልማሶች ዶማ ይዘው መሠረቱን ሊቆፍሩ መጡ። ደባሱ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«ወርቅ አይበላም» አለ። «በሬዬን ውሰዱና እረዱ።»

አረዱት፤ በሉት፤ ዶማቸውን ይዘው ሄዱ። ግድግዳው ቆመ። የደባሱ ማሳ ግን ጦም አደረ። አትጠገብ በዚያው ዓመት በረሃብ ሞተች። እሷን በቤተ ክርስቲያን ቀበሯት። እናት ከቅጥር ውስጥ፣ ልጅ ከቅጥር ውጭ። ደባሱ በሁለቱ መካከል ይመላለስ ነበር። እዚህ ቁጭ ይላል፣ ተነሥቶ እዚያ ቁጭ ይላል።

ዘመን አለፈ። ሰው ከረሃቡ አገገመ። ቤተ ክርስቲያኑ አርጅቶ ነበርና በአዲስ ይሠራ ተባለ። የተቀደሰ ድንጋይ ለተቀደሰ ቤት ነው ተብሎ የገዳሙ ግድግዳ እንዲወርድ ተወሰነ። ደባሱ ቄሱ ዘንድ ሄደ።

«አባ፣ ድንጋዩ የተቀደሰ ከሆነ ያረፈበት መሬትስ? ወይ ግድግዳውን ይተዉልኝ፣ ወይ ልጄን ከእናቷ ጋር ያስገቡልኝ።»

ቄሱ ክፉ ሰው አልነበሩም። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፣ ልጄ» አሉ።

ደቦ ተጠራ። አገሩ ሁሉ እየዘፈነ ወጣ። ደባሱ የሚሰጠው በሬ አልነበረውም፤ ጀርባውም አልቋል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግድግዳው ፈርሶ አለቀ።

ደባሱ ወደ ወንዝ ወረደ። ድንጋይ ይሸከማል፣ ያርፋል፣ ይወጣል፣ ይክባል። ክረምቱ ግን ቀደመው። ጎርፉ የካበውን ጠረገ፣ አፈሩን ጠረገ፣ ልጅቱንም ወሰዳት። ሰው ሲደርስ ደባሱ አፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል። ከዚያ ወንዝ ወረደ። ድንጋይ ይዞ ወጣና እዚያው ባዶ ቦታ ላይ አኖረው።

ጓንጉልም አርጅቶ ነበር። «ምን ልትጠብቅ ነው፣ አያ ደባሱ? ልጅህ እኮ የለችም» አለው።

«የሌላ ሰው ትመጣለች» አለ ደባሱ።

አበደ አሉ። በዓመቱ የጓንጉል የልጅ ልጅ ክርስትና ሳይነሳ ሞተ። ጓንጉል በነጠላ የተጠቀለለውን ታቅፎ ወደ አፋፉ መጣ። ደባሱም አልጠየቀውም፤ ተነሥቶ ቆፈረ። ቀብረው ሲጨርሱ ጓንጉል ገደሉን ወረደ፤ እየወደቀ እየተነሣ ድንጋይ ተሸክሞ ወጣና ከካቡ ላይ አኖረ።

ደባሱ ሲሞት ካቡ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። እሱን ከአትጠገብ አጠገብ ቀበሩት። ልጅቱ ያለችበትን ወንዙ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ልጁ ሳይጠመቅ የሞተበት አባት ወንዝ ወርዶ ድንጋይ ይሸከማል። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው አያናግረውም፤ መንገድ ይለቅለታል። ሕፃኑን ይቀብርና ድንጋዩን ካቡ ላይ አኑሮ «ደባሱ፣ ጠብቅልኝ» ይላል። ሌላ ጸሎት የለውም።

ካቡ ዛሬ ከሰው ቁመት በልጧል። በየዓመቱ ያድጋል። እንዲያድግ የሚመኝ ሰው ግን በአገሩ የለም።