የኦቨርፓስ አጠቃቀም

ቁም ሣጥን በጀርባው ያዘለው ተሸካሚ የአዲሱን የእግረኛ ድልድይ ደረጃ ገና ሲያየው ጉልበቱ ከዳው። ስለዚህ በሥሩ አስፋልቱን አቋርጦ ማዶ ደረሰ። እፎይ ሳይል ድልድዩን አሁን የመረቁት ሹም፣ ኢንጂነር መሸሻ፣ ደንብ አስከባሪዎች አስከትለው ከፊቱ ተገተሩ። ኢንጂነሩ ሲመርቁ «ድልድይ» ያለውን ሁሉ «ኦቨርፓስ በል!» እያሉ ሲያርሙ ነበር።

«አንተ! ኦቨርፓስ ተሠርቶልህ በሥሩ ትሄዳለህ? ለመሆኑ ትርጉሙን ታውቃለህ? ካላወቅህ ጣቢያ ገብተህ ትማረዋለህ!» አሉት።

ሰውየው ከነሸክሙ እንደ ምንም ቀና አለ።

«ትርጉሙን እንኳ አላውቀውም፣ ጌታዬ። አጠቃቀሙን ግን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ከወዲያ ማዶ ሪባኑን ቆርጠው፣ ደረጃውን ትተው በሥሩ ሲሻገሩ ጊዜ፣ ለካ እንዲህ ነው ብዬ እግር በእግር ተከተልኩዎት።»