ጋማውን ያነጣው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ጋማውን ሊጥ በሚመስል ነገር ለቅልቆ፣ በላዩ ፌስታል ደርቦ፣ ዋሻው ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ሲንጎራደድ አህያ ከደጅ ጠራው። ጭንቅላቱ እሳት ሆኗል፣ ዓይኑ ያነባል። እሱ ግን ደስ ብሎታል። ካቃጠለ እየሠራ ነው ማለት ነው ብሎ ራሱን አሳምኗል።

«አያ ጅቦ፣ አሉ?» አለ አህያ። ከዋሻው ራቅ ብሎ ነው የቆመው፣ ሞኝ አይደለም። «ከጋሽ አንበሳ ተልኬ ነው። ለእርስዎ መልእክት ይዣለሁ።»

አያ ጅቦ ክው አለ። በዚህ ፌስታል ታይቶ ወሬው አንበሳ ጆሮ ከገባ አለቀለት። ድምፁን አቅጥኖ «ጅብ የለም» አለ።

«ታዲያ እርስዎ ማን ነዎት?»

«እኔም የለሁም።»

አህያ ትንሽ አሰበ። «እሺ፣ ሲመጡ አህያ ፈልጓቸው ነበር ይበሉልኝ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማግስቱ የአንበሶች ቅርጫ ነበር። በሬው ሻኛው ብቻ አንድ ቤተሰብ ያጠግባል ተብሎ አገር አውርቶለታል። ቅርጫው ውስጥ የሚገባው ደግሞ የአንበሳ ዘር፣ ወርቃማው ብቻ ነው። አያ ጅቦ ይህን ከሰማ ጀምሮ ምራቁን እየዋጠ ነው የሚያድረው። ወርቃማ ልሁን ቢል ጋማው ጥቁር ነው። ጥቁሩም የራሱ አይደለም። አምና ጥቁር ፍየሎች መሃል ተመሳስሎ ሊገባ የተቀባው ቀለም ነው። ያኔ ውሾቹ በጠረኑ ነቅተውበት ከበረት አባረሩት፣ ቀለሙ ግን ከእሱ ጋር ቀረ።

ስለዚህ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ወደ እመት ቀበሮ ሄደ። ጋማውን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ይሄ እኮ ቀለም ነው» አለችው።

«ታዲያ ቢጫውን ደርቢበታ።»

«ቀለም ቀለምን አያነሳም፣ አያ ጅቦ። ከሰል ላይ ወተት ብታፈስ ከሰሉ ይነጣል? መጀመሪያ ጥቁሩን በፀጉር ማንጫ ነው የማነሳው። ሲነሳ ቀይ ይሆናል፣ ቅቤ ተቀብቶ ያርፋል። ስትመለስ ብርቱካን ይሆናል፣ ደግሞ ያርፋል። ቢጫው የሚመጣው በስተመጨረሻ ነው። ሥሩን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የምነካው። አዲስ የበቀለ፣ ቀለም አይቶ የማያውቅ ፀጉር ስለሆነ ቶሎ ይነጣል።»

«ስንቴ ልመላለስልሽ ነው?»

«ጋማህ እስኪችለው። በመጣህ ቁጥር አንዳንድ ቅልጥም ይዘህ።»

ቅልጥም ስትል አያ ጅቦ ነቄ አለ። «አሃ፣ ቅልጥሜን ልትግጥ ነው የምታመላልሰኝ» አለ በሆዱ። እርግጥ ቀበሮ ቅልጥሙን አልጠላችውም። ስለ ፀጉሩ ያለችው ግን እውነት ነበር። እሱ ምን ገዶት፣ ጀርባዋን ስታዞር ማንጫውን ከነቆርቆሮው ላፍ አድርጎ ወጣ። የብዙ ቀጠሮውን በአንዴ ብለቀልቀው ምልልስ ቀረልኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ። የጅብ ሒሳብ ነው እንግዲህ። ቤቱ ገብቶ ከሥሩ ጀመረ፣ ቆርቆሮውን እስኪጨርስ ደረበ፣ ቶሎ ይያዝ ብሎ ፌስታል አጠለቀ። አህያ የመጣው ይሄኔ ነው።

አህያ ሲሄድለት ወደ ወንዝ ሮጠና ጭንቅላቱን ነከረ። ጋማው በከፊል ከወንዙ ጋር ሄደ። የተረፈውን ሲነካው እንደ ማስቲካ ይለጠጥና ጧ ይላል። ውሃው ውስጥ ራሱን አየ፤ ሥሩ የጫጩት ላባ መስሏል፣ መሃሉ ብርቱካን ነው፣ ጫፉ ያው እንደ ጠቆረ ቀርቷል።

«ከሩቅ ለሚያየኝ ወርቅ ነኝ» አለና እየዘለለ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በማግስቱ በሬው ታርዶ፣ ቅጠሉ ተነጥፎ፣ ሥጋው በየመደቡ ሲከመር አያ ጅቦ ደረቱን ነፍቶ ከተፍ አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የእኛው ጉድ በሚያውቁት አገር ነው የሞከረው።

«ማን ልበል?» አለ ጋሽ አንበሳ።

«ዘመድዎ ነኝ። የቆላው አጎትዎ ልጅ።»

«ጎፈርህን ምን ነካው?»

«የቆላ ፀሐይ ጌታዬ። አይጣል ነው።»

ግልገሎቹ ተጠቃቀሱ። አሮጊቷ አንበሳ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ «ጅብ ጅብ ይላል» አለች።

አያ ጅቦ ቱግ አለ። «እኔን ከጅብ ጋር? እናቴ ትሙት ጅብ አይደለሁም። ጅብ የሚባል በዓይኔ አልይ። ሆዳም ነው፣ ደደብ ነው፣ ሲሄድ እንኳ ያነክሳል።»

«ተው እንጂ» አለ ጋሽ አንበሳ። «ጅብ እኮ ጎረቤታችን ነው። ያን መደብ አየኸው?» ዳር ላይ ከተከመሩት ሁሉ የሚበልጥ ክምር ነበር። የጎድኑ ቁርጥ፣ የሻኛው እኩሌታ፣ ቅልጥሙ እንዳለ። «የእሱ ነው። አጥንት እንደሱ የሚወድ የለም ብለን ዘንድሮ ጎረቤትም ይግባ አልን። ትናንት አህያን ብንልክበት ቤቱ ታጣ። አንተ ግን የማናውቅህ ዘመድ ነህ፣ መደብ አልወጣልህም።»

አያ ጅቦ ክምሩን አየ፣ አንበሳውን አየ፣ ደግሞ ክምሩን አየ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«ጅቡ።»

ሳቁ ጫካውን ሞላው። «በእናትህ ሞት ምለህ ምራቅህ እንኳ አልደረቀም» አለች አሮጊቷ። «ለሥጋ ብለህ እናትህን ልትቀብር ነው?»

እንደ ጎረቤት ተጠርታ የመጣችው እመት ቀበሮ ይሄኔ ተነሣች።

«ጋሽ አንበሳ፣ አያ ጅቦ ለእኔ ደንበኛዬ ነው። መደቡን እኔ ላድርስለት» አለች፣ ብርቱካኑን ጋማ ትክ ብላ እያየች።

«እግዜር ይስጥሽ። እንዳይጎድልበት ብቻ።»

«አንዲት ጅማት አትጎድልም።»

ሥጋው አህያ ላይ ተጫነ። ቀበሮ ፊት ፊት እየቀደመች፣ የተሰረቀው ማንጫዋ ዕዳ እንዲሆን ጉዞ ወደ ቀበሮ ቤት ሆነ። አያ ጅቦ ከኋላ እየተጎተተ ከአህያ ጎን ደረሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንተ ታውቀኛለህ አይደል? ተመልሰህ ጅቡ እሱ ነው በልልኝ። ወንድሜ፣ አንድ ቃል ብቻ።»

አህያ ጭነቱን አመቻቸና እርምጃውን ሳይቀንስ መለሰለት።

«ድምፅዎንማ ትናንትም አውቄዋለሁ። ግን ምን ብዬ ልመስክር? ትናንት የለሁም አሉኝ፣ ዛሬ አይደለሁም ብለው ማሉ። ከዚህ የምንማረው፣ አያ ጅቦ፣ ሌላውን ለመምሰል ሲል ራሱን የካደ፣ በገዛ ስሙ የወጣለት መደብ በዓይኑ ሥር ሲያልፍ ‹የእኔ ነው› የሚልበት አፍ እንደማይኖረው ነው።»