አማና የሞላበት ቤት

ስሟን ባንጠራው ምንም የማይጎድልባት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች፤ መስጂዷ ከገበያው በላይ፣ ገበያዋ ከወንዙ በላይ። እዚያች ከተማ ውስጥ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሰው ሁሉ «ሸሆቹ» ነው የሚላቸው። ሸሆቹ እንዳሉት፣ ሸሆቹን ጠይቅ፣ ሸሆቹ ዘንድ አስቀምጠው። ነገሩን ሁሉ ያመጣችው ይቺ «ሸሆቹ ዘንድ አስቀምጠው» ናት።

ሸሆቹ አማናን፣ የሰው አደራን፣ እምቢ ብለው አያውቁም። ጎልማሳ ሳሉ አንድ መንገደኛ የጨርቅ ጥቅል እሳቸው ዘንድ አስቀምጦ ሄደ። ስንት ዓመት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ቋጠሮው እንኳ ሳይላላ አስረከቡት። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ከዚያ ወዲያ ሐጅ የሚሄደውም፣ ጣሪያው የሚያፈስበትም፣ ከወንድሙ የተጣላውም እቃውን ተሸክሞ ወደሳቸው ይመጣል። «ሸሆች፣ ይቺ አማና ናት» ካለ በቃ፣ አለቀ። «ቢስሚላህ» ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበሉታል።

እያለ እያለ ቤቱ ሞላ። መጀመሪያ ለእንግዳ የተሠራው ሰፊው ክፍል፣ ቀጥሎ መተላለፊያው፣ ከዚያ ጓዳው። የተሰነጠቀ ጋን አለ፣ እግሩ የተሰበረ አልጋ አለ፣ አይጥ የበላው የበቅሎ ኮርቻ አለ። ሸሆቹ የእያንዳንዱን ባለቤት በቃላቸው ያውቃሉ፤ አቧራውን እንኳ የሚያራግፉት በጥንቃቄ ነው። ሚስታቸው ሐውለት ግን መስገጃዋን ዘርግታ አታውቅም፤ እጥፍ አድርጋ ጥግ ላይ ነው የምትሰግደው። ሱጁድ ስትወርድ ግንባሯ የጎረቤት ሙቀጫ ይነካል።

ልጃቸው ሉባባ ትባላለች። ቂርኣቷን፣ የቁርኣን ትምህርቷን፣ በደንብ የጨረሰች፣ ትልቅ ሰው ፊት ግን ድምፅዋ የሚጠፋባት ልጅ ናት። አንድ ሰው «ሉባባ» ብሎ ከጠራት ገና ምን እንደፈለገ ሳይናገር ጆሮዋ ይግላል። የሰፈሩን ሴት ልጆች ግቢው ውስጥ ዛፍ ስር ሰብስባ ስታስቀራ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምፅዋ ከአጥሩ አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል።

ችግሩ ክረምት ነው። ባለፈው ዓመት ዝናቡ ሲገባ ልጆቹ ተበተኑ። መስከረም ላይ ግማሾቹ አልተመለሱም፤ ቤተሰቦቻቸው «እስካሁን የተማርሽው ይበቃሻል» አሏቸው። ዘንድሮም ደመናው መጥቆር ጀምሯል። ሉባባ ደግሞ ልቧ ያውቀዋል፣ ዘንድሮ ከተበተኑ ተበተኑ ነው።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍራ አባቷን ጠየቀች። «አባዬ፣ ሰፊውን ክፍል ብንለቅላቸውስ?»

«እቃው የሰው ሀቅ ነው ልጄ» አሉ ሸሆቹ። «ዝናብ ላይ አውጥቼ አላበሰብሰውም።»

«ልጆቹስ?» ልትል ፈልጋ ነበር። ከጉሮሮዋ አልወጣም።

በሳምንቱ ውሃ ቀድታ ስትመለስ፣ ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታቸው እትዬ ረምላ ከአንዲት ሴት ጋር ስታወራ ሰማች።

«ይሄን የተቀደደ ሰሌን ምን ባደርገው ይሻላል?» አለች ሴትዮዋ።

«ምን ያስጨንቅሻል? ለሸሆቹ አማና በያቸው» አለች ረምላ። «የኔ ቤት ንጹህ የሆነው በምን መሰለሽ?»

«አይቀየሙኝም?»

«እሳቸው? መርቀው ነው የሚሸኙሽ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሉባባ እንስራዋን እንዳዘለች ደርቃ ቀረች። ለካ ከተማው ሁሉ ቤቱን የሚጠርገው ወደነሱ ቤት ነው።

ይሄን ለአባቷ መንገር ፈለገች። ግን የሰው ስም አንስታ ብትናገር ሐሜት ይሆናል፤ ሐሜትን ደግሞ ሸሆቹ ቤታቸው ውስጥ አያስገቡም። ስለዚህ ዋጥ አደረገችው። ዋጠችው እንጂ አልወረደላትም።

በነጋታው ልጆቹን ስለ አማና ስታስተምር፣ አፏ ውስጥ ያለችው አንዲት ቃል አቆመቻት። «አላህ አማናን ለባለቤቱ አድርሱ ብሎ አዞናል» እያለች ነበር። «አድርሱ» ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ልጆቹ ረሳችው ብለው ተያዩ። እሷ ግን አልረሳችም፤ ገና አሁን መስማቷ ነው።

ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ አባቷ አጠገብ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«አማናን እንድናስቀምጥ ነው የታዘዝነው ወይስ እንድናደርስ?»

«እንድናደርስ ነዋ» አሉ ሸሆቹ። የሚቆጥሩት ተስቢሃ እጃቸው ላይ ቆመ።

ሉባባ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ቀጠለች። «ባለቤቶቹ እኮ እዚሁ ናቸው። ሐጅ የሄዱት ከተመለሱ ቆዩ። ጣሪያቸው የሚያፈስባቸውም አስጠገኑ። እኛ ነን ያላደረስነው።»

«እኔ ይሄንኑ ስል ጭቅጭቅ ነበር የሚባለው» አለች ሐውለት ከጓዳ።

ሸሆቹ ሌላ ሰው ቢሆኑ ይቆጡ ነበር፤ ባይቆጡ እንኳ «አንቺ ልጅ ምን ታውቂያለሽ» ይሉ ነበር። እሳቸው ግን እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ አድርገው «አስተግፊሩላህ» አሉ። «ስጠብቅ ኖሬ ማድረሱን ረሳሁት። አላህ ዕውቀትሽን ይጨምርልሽ።»

ጁምዓ ደረሰ። ከሶላቱ በኋላ ሸሆቹ ተነስተው ቆሙ። «ወንድሞቼ፣ አማናችሁን አቆይቼባችኋለሁ፤ ዐፉ በሉኝ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በየደጃችሁ አደርሳለሁ» አሉ። አንዳንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። አንዳንዱ ጫማውን ለመፈለግ በጣም ቸኮለ።

ቅዳሜ ጠዋት አህያ ተጫነ። ሸሆቹም በትከሻቸው ተሸከሙ። መጀመሪያ የደረሱት እትዬ ረምላ ደጅ ነው፤ የተሰነጠቀውን ጋን ይዘው።

«ኧረ ሸሆች፣ እሱን እኮ ለርስዎ ብዬ...»

«አማና ነው ብለሽኝ ነበር።»

«አዎ፣ ግን...»

«እንግዲያው ተረከቢኝ ልጄ። የጎደለ ካለም እይው።»

ረምላ ጎንበስ ብላ ጋኑን ዙሪያውን ማየት ጀመረች። ከቤት ውስጥ ባሏ «ስንጥቁም ሙሉ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ።

ሁሉም ግን ሳቅ አልነበረም። አንዲት ሴት የሟች እናቷን ጥጥ መፍተያ እንዝርት ስትቀበል ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ አለቀሰች፤ የጠፋ መስሏት ነበር። ባለቤቱ የሞተውን ለወራሽ ሰጡ። ባለቤቱ ጨርሶ የማይታወቀውን በባለቤቱ ስም ሰደቃ አደረጉት።

ቀትር ላይ የቀሩት ሀጂ ነስሩ ብቻ ነበሩ። ሀጂ ነስሩ ገበያው ላይ ትልቁ ነጋዴ ናቸው፤ አይጥ የበላው ኮርቻም የሳቸው ነው። ሸሆቹ ኮርቻውን ተሸክመው ሱቃቸው ደጅ ሲቆሙ፣ ከኋላ ግማሹ ከተማ ተከትሎ ነበር።

«ሸሆች፣ ገበያ መሃል ሊያዋርዱኝ ነው?» አሉ ሀጂ።

«ላስረክብዎት ነው።»

«ይጣሉት።»

«የሰው ሀቅ አልጥልም። መጣል የባለቤቱ ፈንታ ነው።»

ሀጂ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያው መልሰው ይውሰዱት። አለዚያ የልጅ ልጆቼን ከልጅዎ ቂርኣት አስወጣለሁ። እኔ ካስወጣሁ ደግሞ ሌላውም ያስወጣል።»

አባቷን ተከትላ የመጣችው ሉባባ ይሄን ሰማች። ውሸት አልነበረም፤ ሀጂ የሚያደርጉትን ሰው ያደርጋል። የአባቷ ጉልበት ከሸክሙ ስር ሲንቀጠቀጥ አየች። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም።

«ቂርኣቱ የአላህ ነው፣ እሱ ያውቅበታል» አሉ ሸሆቹ። «ኮርቻው ግን የርስዎ ነው።»

ሉባባ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። «ሀጂ» አለች፤ ድምፅዋ አልወጣም። ያ ሁሉ ሰው እያያት ነው። የሚያስፈሯትን ዓይኖች ትታ ዛፉ ስር የሚቀመጡትን ልጆች አሰበች፤ ፊት ለፊቷ እነሱ እንዳሉ አድርጋ ጀመረች።

«ሀጂ፣ አማና ከሆነ ይረከቡን። ካልሆነ ደግሞ እዚሁ ሰው ፊት "አማና አይደለም፣ ቆሻሻ ነው የሰጠኋችሁ" ይበሉን። አባቴ ያን ጊዜ ይጥለዋል።»

ድምፅዋ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ ተሰማ። «ሀጂ፣ በሩን ጠረቀመችብዎ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ሀጂ ልጅቷን አዩ። ከዚያ የሽማግሌውን ጉልበት አዩ። ቀስ ብለው ተነስተው ኮርቻውን በገዛ እጃቸው ከሸሆቹ ትከሻ ላይ አወረዱ።

«ተረክቤያለሁ» አሉ። «ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት?»

«ማን እንዳስተማራት እንጃ» አሉ ሸሆቹ። «እኔን ግን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ሀጂ ሳይፈልጉ ሳቃቸው መጣ። «የልጅ ልጆቼ ሰኞ ይመጣሉ። ይሄን ኮርቻ ግን በቅሎዬም አትቀበለኝ።» ገበያው ሳቀ፤ ሉባባም ሳቀች፣ እያለቀሰች።

ቤት ሲመለሱ ሐውለት መሬቱን አጥባ ጨርሳ ነበር። ጥግ ላይ አንድ ክምር ቀርቷል፤ የሸሆቹ የራሳቸው ካፖርቶች፣ ከስር ሆነው ተረስተው የኖሩ።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች።

«የኔ ነው።»

«ይለብሱታል?»

ሸሆቹ ትንሽ አሰቡ። «አልለብሰውም። እንግዲያው ይሄም አማና ነው፤ ባለቤቱ የሚበርደው ሰው ነው።» በዚያው ቀን ተሸክመው ወጡ።

ዝናቡ ማክሰኞ ገባ። ልጆቹ አንድም ሳይቀሩ ሰፊው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቁርኣን ይቀሩ ነበር። ባዶው ግድግዳ ድምፃቸውን እየመለሰ ከዝናቡ በላይ አሰማው። ሐውለት መስገጃዋን ሙሉ ዘርግታ ሰገደች። ከዚያ ወዲያ ሸሆቹ በየሐሙሱ ቤታቸውን ይዞራሉ፤ ቦታውን የሳተ ነገር ካለ ወደ ቦታው፣ የሰው ከሆነ ወደ ሰውየው ያደርሳሉ። አማና ይዞ የመጣውንም «እስከ መቼ?» ብለው ይጠይቁታል። አብዛኛው ከነእቃው ይመለሳል።

አንድ ጎረቤት ገብቶ ዙሪያውን እያየ «ሸሆች፣ ቤትዎ እኮ ባዶ ሆነ» አላቸው።

«ባዶ አይደለም» አሉ ሸሆቹ። «ቤቱም አማና ነበር፤ አሁን ለተሠራለት ነገር ደረሰ።»

እኛ ቤታችን ሲጠበን ክፍል ያነሰን ይመስለናል። ቁም ሳጥኑን ስንከፍት ግን የማንለብሰው ልብስ ይወድቅብናል፤ «አንድ ቀን ይፈለጋል» ብለን መልሰን እንጠቀጥቀዋለን። የሸሆቹ ንግግር የሚነግረን፣ ያ ልብስ ዛሬም እየተፈለገ እንደሆነ ነው፤ የሚፈልገው ሰው እኛ ስላልሆንን ብቻ አናየውም። ቦታም እንደዚያው ነው። ለእንግዳ፣ ለሶላት፣ ለትምህርት የተሰጠንን ቦታ በማይረባ ነገር ስንሞላው ሀቁን በልተንበታል።

ደግሞ ሰው የሚያከማቸው እቃ ብቻ አይደለም። ፈርተን የዋጥነው እውነትም ውስጣችን ተቀምጦ ቦታ ይይዛል፤ እኛንም ያጣብበናል። እሱም ባለቤት አለው። ድምፃችን እየተንቀጠቀጠም ቢሆን እናድርሰው።