ሞልቶ የተመለሰ ሳሕን

ገበያዋ ከወንዙ ማዶ፣ መስጊዷ ከወንዙ ወዲህ በነበረባት አንዲት አሮጌ ከተማ ውስጥ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የጨው ነጋዴ ይኖሩ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ብጠራው አንዳንዱ «ይሄ የነሱ አገር ነገር ነው» ብሎ ራሱን ነፃ ያወጣል። ታሪኩን የነገሩኝ አዛውንት ሲያወሩ አንዴም ፈገግ አላሉም። እኔም አሁን የምጽፈው ደስ ብሎኝ አይደለም።

ሐጂ ሙዘይን በሚዛናቸው የተመሰከረላቸው ሰው ነበሩ። እርጥቡን ጨው ከደረቁ ቀላቅለው አይሸጡም፤ ዘካቸውን ሳይጠየቁ ያወጣሉ። የአረፋ እርዳቸው፣ ኡድሂያቸውማ፣ ለሰው ሁሉ ምሳሌ ነበር። የሐጅ ወር የዙልሒጃ ጨረቃ ከታየችበት ቀን ጀምሮ እስኪያርዱ ጥፍራቸውን አይቆርጡም። በሬው እንከን እንዳይኖርበት ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እግሩን ራሳቸው ዞረው ያያሉ። ለአራጁ የድካሙን ከኪሳቸው ይከፍሉታል እንጂ «በዋጋህ ቆዳውን ውሰድ» አይሉትም፤ የኡድሂያ ቆዳ የሥራ ዋጋ እንደማይሆን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሥጋውን ከሦስት ይመድቡታል፤ አንዱ ለቤት፣ አንዱ ለዘመድ ወዳጅ፣ አንዱ ለሚስኪን። የሚስኪኑ መደብ አጥንት እንዳይበዛበት ደግሞ ቢላዋውን ተቀብለው በእጃቸው ያስተካክሉ ነበር።

ከሚስኪኑ ድርሻ ዋናው የሚሄደው ከከተማው ጠርዝ ብቻዋን ለምትኖር ሉባባ ለምትባል ባልቴት ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ የሐጂን ጨው በግመል ያመላልስ ነበር። እሱ ሲሞት ሐጂ «ሉባባን አልረሳትም» ብለው ለራሳቸው ቃል ገቡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በየአረፋው ሥጋው በትልቅ ሳሕን ተከድኖ ይላክላታል። በዚያ ከተማ ደግሞ፣ እንደኛው አገር ሁሉ፣ የሰው ሳሕን ባዶውን አይመለስም። ነውር ነው። ሉባባ አንዲት ላም ነበረቻትና ሳሕኑን አጥባ፣ ለጋ ቅቤ ሞልታ ትመልሰው ነበር።

የሉባባ ቅቤ ስሙ ወጣ። ሐጂ በአረፋ ሰሞን እንግዳ ሲጋብዙ ስሟን ሳያነሱ አይቆርሱም፤ ከዚህ የተሻለ ቅቤ በዚህ አገር የለም ይላሉ። ሲያገኟትም ያመሰግኗታል፣ ለከርሞም እንዳታስቀርባቸው አደራ ይላሉ። በልባቸው ክፋት አልነበረም። ምስጋና ግን አንዳንድ ጊዜ ቀንበር ይሆናል፤ አመስጋኙ ትከሻው ላይ ስለማይውል አይታወቀውም።

አንድ ዓመት ሳሕኑ በቅቤ ፋንታ የተቆላ ሽምብራ ይዞ ተመለሰ። ሐጂ አልከፋቸውም። ጨዋታ ወዳድ ነበሩና ገበያ መሐል ቢያገኟት ሰው እየሰማ ቀለዱባት።

«ሉባባ፣ ዘንድሮ ላሚቱ ነጠፈችብሽ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። እሷም ሻሿን ወደ አፏ ሰብስባ ፈገግ አለች።

«ነጥፋ ነው ሐጂ። ኢንሻአላህ ትወልዳለች።»

ላሚቱ ሞታ ነበር። ሉባባ ለሰው አልተናገረችም፤ ድሮም ችግሯን ደጅ የምታወጣ ሴት አልነበረችም። ሐጂ ሙዘይን የአራት ገበያ የጨው ዋጋ በቃላቸው ያውቃሉ፣ የዚያች የአንዲት ቤት ላም መሞቷን ግን አላወቁም። እንዴት ሊያውቁ? ሥጋውን በሰው ይልካሉ፣ ሳሕኑ በሰው ይመለሳል፤ እሳቸው የሉባባን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። በተከታዩ አረፋ ሳሕኑ እንደ ወትሮው ቅቤ ሞልቶ መጣ። «ወለደች ማለት ነው» አሉና ቢስሚላህ ብለው በሉ። ከዚያ በኋላም ቅቤው አንድም ዓመት አልቀረም።

ብዙ ጊዜ አለፈ። አረፋ እየቀረበ ሳለ ሉባባ ታመመች፤ ሳትቆይም ሞተች። ጀናዛዋ መስጊዱ ግቢ ቀረበ። ኢማሙ ሶላቱን ከመጀመራቸው በፊት እንደ ልማዱ ወደ ሰዉ ዞረው፣ በዚህች ሟች ላይ ሐቅ ያለው እንዲናገር፣ የሚችልም አውፍ ብሎ ይቅር እንዲላት ጠየቁ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለድሀ ጀናዛ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም። ያን ቀን ግን ከኋላ ሰፍ፣ ከሰጋጆቹ መጨረሻ ረድፍ፣ አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ። ከከተማው ውጭ ከብት የሚያረባ አደም የሚባል ገበሬ ነበር።

«እኔ ነበረኝ፤ ከባለቤቴ ጋር አውፍ ብለናታል» አለ። «ላሟ ከሞተች ወዲህ አረፋ በመጣ ቁጥር እኛ ዘንድ እህል ትፈጫለች፣ በድካሟ ቅቤ ትወስዳለች። ዘንድሮ ቅቤውን አስቀድማ ወስዳ ነበር። ሳትፈጨው የቀራት እህል አለ። አላህ ይርሐማት፣ ምንም የለብሽም በሉልን።»

ሰዉ «አሚን» አለ። አንዳንዱ አደምን መረቀው። ቅቤው ወዴት ይሄድ እንደነበር የጠየቀ አልነበረም፤ ኢማሙም ሶላቱን በተክቢራ ሊከፍቱ ወደ ቂብላ መዞር ጀመሩ።

ሐጂ ሙዘይን ከፊተኛው ሰፍ ነበሩ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ሐጂ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ያቺ ሴት በዚያ ዕድሜዋ ተንበርክካ ስትፈጭ የኖረችው ለማን ሳሕን እንደሆነ ከሳቸው በቀር ልብ ያለ የለም። ዝም ቢሉ ያው የተከበሩት ሐጂ ሆነው ወደ ቤታቸው ይገባሉ፤ ማታ ደብቀው ተውበት ያደርጋሉ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የሚያሳፍረኝ። እሳቸው ግን ከሰፉ ወጥተው ከጀናዛው አጠገብ ቆሙ።

«ኢማም፣ ሐቅ ያለው ይናገር ብለዋል። በሷ ላይ ሐቅ ያለውን ጠየቁ እንጂ ሐቋን የበላውን አልጠየቁም» አሉ። «ቅቤው ወደ ቤቴ ነው የመጣው። ላሚቱ በሞተችበት ዓመት ገበያ ላይ የሳቅሁባትም እኔ ነኝ። ስትፈጭ የኖረችው ለኔ ነው። አሁን ለኔ ማን አውፍ ይበለኝ?»

ኢማሙም ላመጣችው ቅቤ ወራሽ ካላት ለወራሽ እንዲከፍሉ፣ ከሌላትም በስሟ ሰደቃ እንዲያወጡ ነገሯቸው።

«ይህ ለቅቤው ነው» አሉ ኢማሙ። «ለልቧ ግን ሐጂ፣ የምትመልስልዎት እሷው ብቻ ናት። ያ ደግሞ የት እንደሆነ ያውቃሉ።»

ሐጂ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ተሰገደ፤ ተቀበረች።

ወራሽ አልተገኘላትም። በዚያው አረፋ ሐጂ በሬያቸውን አረዱ፣ ሥጋውን እንደ ልማዳቸው ከሦስት መደቡ፤ ሳሕን ግን ከቤታቸው አልወጣም። የሚስኪኑን ድርሻ በኮባ ቅጠል እየጠቀለሉ ራሳቸው ይዘው ዞሩ። የሚቀበሉት ሴቶች ግራ ሲጋቡ «ቅጠሉን ጣሉት፣ የሚመለስ ዕቃ የለም» ይሏቸዋል። በየቤቱም ገብተው ይቀመጣሉ፣ በረቱን ያያሉ፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃሉ። ላም የሞተበት ቤት ካገኙ በሉባባ ስም ከሚያወጡት ሰደቃ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ያስነዱለታል፤ «ሥጋ ሦስት ቀን ነው፣ ላም ግን ትቆያለች» እያሉ። በዚያች ከተማ ጠርዝ ብዙ ቤት ወተት ያየው በሳቸው ነው። ሉባባ ግን ከነዚያ ቤቶች ውስጥ አልነበረችም። ይህን ማንም ሳያስታውሳቸው ያውቁት ነበር፤ ቅቤ የገባበት ምግብም እስኪሞቱ ድረስ አልቀመሱም።

ካረጁ በኋላ አንድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ስለ ለጋስነታቸው ሰምቶ ኖሮ አብዝቶ አመሰገናቸው፤ በዕድሜ ዘመናቸው ስንት ድሀ እንዳበሉ አነሳ። ሐጂ እስኪጨርስ ጠብቀው እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ አብዛኛውን ዕድሜዬን ሰደቃ ስሰጥ የኖርኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ ስቀበል ነው የኖርኩት።»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ብዙ አሰብኩበት። አላህ ሀብት ከሞላበት ወደ ጎደለበት እንዲወርድ ቦይ ቀዶልናል፤ ዘካውም፣ ሰደቃውም፣ የአረፋው እርድም ያው ቦይ ነው። ቁልቁል የወረደውን ሽቅብ የሚመልሰው ይሉኝታችን ነው። ያረደው ላረደው ጭን ይልካል፣ ያረደውም ለላከው ጭን ይመልሳል፤ ያላረደችው ባልቴት ደግሞ ለተላከላት ጎድን ምን እንደምትመልስ እያሰበች በዓሉን ትውላለች። እኛም ሳሕኑ ሞልቶ ሲመጣ «ሰው ያከብረናል» ብለን እንደሰታለን። ሐጂ ሙዘይን ሕጉን ሁሉ ጠብቀው አንድ ነገር ሳቱ፤ የተቀበለቻቸውን ሴት እጅ አላዩም። ባወቁ ጊዜ በሰው ፊት ተናገሩ፣ ቀሪ ዘመናቸውንም ለማስተካከል ደከሙ። ያም ሆኖ የሉባባን አውፍ ሳያገኙ ነው የሞቱት።

እኛ ገና በሕይወት አለን፤ ሳሕናችንን ሞልተው የሚመልሱልንም ገና አልሞቱም። ዘንድሮ ደጃፋቸው ሂዱና ሳሕኑን በምን እንደሚሞሉት ጠይቋቸው።